የተቆራረጠ ዘመድ እንዴት ይታረቃል? ከኩርፊያ እስከ ዕርቅ ደረጃ በደረጃ

ሐዋሳ ላይ ተኳርፎ መኖር ከባድ ነው፤ ከተማዋ ሰው ተደብቆ የሚኖርባት አይደለችም። ከፒያሳ አቶቴ በባጃጅ ሲሄዱ፣ እሑድ ገብርኤል ሲሳለሙ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ሲወርዱ ያኮረፉት ሰው ድንገት ፊት ለፊት ይመጣል። ከሁሉም የሚብሰው ለቅሶ ቤት ነው፤ አንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥቶ መቀመጥ። አንገት ደፍቶ ማለፍ ለአንድ ሰሞን ይቻላል። ዓመት ሲሞላው ግን ልጆቹም፣ ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም ወገን ለይቶ ይቆምና በሁለት ሰው መካከል የነበረው ነገር የሠፈር ይሆናል።

ይህ መመሪያ ከእህት፣ ከወንድም፣ ከወላጅ፣ ከልጅ ወይም እንደ ዘመድ ከሚቆጠር ጓደኛ ጋር ለተቆራረጠ ሰው ነው። ዕርቅ በብዛት የሚፈርሰው ተቸኩሎ ስለሚታረቅ ነው። ‹‹በቃ ተዉት፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ›› ይባላል፣ መተቃቀፍ ይሆናል፣ የተደረገውን ነገር ግን ማንም በስሙ ሳይጠራው ይቀራል። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ ዘገም ያለ ነው። አንዱን ደረጃ ዘለው ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

1. ኩርፊያው የቱ ጋ እንደደረሰ ይለዩ

በመጀመሪያው ደረጃ ሰዎቹ ሰላም ይባባላሉ፤ ‹‹እንዴት ነሽ››፣ ‹‹ደኅና››፣ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የለም። በሁለተኛው ሰላምታው ራሱ ቆሟል። በሦስተኛው ደጅ ተዘግቷል፤ ስልኩ ብሎክ ተደርጓል፣ በበዓል መጠራራት ቀርቷል፣ ልጆችም ‹‹እነሱ ቤት እንዳትሄዱ›› ተብለዋል። አራተኛው ‹‹ብሞት እንዳይቀብረኝ›› የተባለበት ነው። በእኛ አገር ከዚህ የከበደ ቃል የለም፤ ተናጋሪው በንዴት ቢለውም ሰሚው እንደ ኑዛዜ ይይዘዋል።

የቱ ላይ እንዳሉ ካልታወቀዎ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ‹‹እናታችን ዛሬ ሌሊት ብትታመም ማን ለማን ይደውላል?›› መልስዎ ‹‹እኔው እደውላለሁ›› ከሆነ አንደኛው ላይ ነዎት። ‹‹በልጄ አስደውላለሁ›› ካሉ ሁለተኛው ነው። ‹‹ከሰው ይሰማ›› ሦስተኛው ነው፤ ‹‹ቢሰማ ባይሰማ ምን አገባኝ›› አራተኛው።

ይህን መለየት የሚጠቅመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ለአንደኛው ሽማግሌ አይጥሩ፤ ቀላሉን ነገር ያከብደዋል፣ የሁለት ሰው ቡና ይበቃዋል። ለሁለተኛው ሁለቱም የሚወዱት አንድ ሰው በቂ ነው። ለሦስተኛው ሦስት ሽማግሌ ያስፈልጋል። አራተኛው የሃይማኖት አባት ሳይጨመርበት እምብዛም አይፈታም፤ ወራትም ይወስዳል።

2. ለዕርቅ የማይቀርበውን አስቀድመው ያውጡ

ድብደባ ካለ፣ ማስፈራራት ካለ፣ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ካለ ጉዳዩ የሽማግሌ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 564 በትዳር ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በግልጽ ወንጀል ብሎታል። የሚሄዱት ፖሊስ ጣቢያ ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ‹‹ባሏ ነው፣ ትመለስ›› ብሎ ሴትን ወደተደበደበችበት ቤት የሚመልስ ሽምግልና ጥፋት ነው፤ ይህን በማባበል ቃል ልንለውጠው አንችልም። እንዲህ ያለው ሰው ይቅርታ ሊደረግለት ይችል ይሆናል፣ የቤቱ ቁልፍ ግን አይመለስለትም።

ከባድ ሱስ ላይ ያለ ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የተቀየረ ዘመድ ካለም አስቀድሞ ሕክምና ይቅደም። በስካር የተሰጠ ቃል ሲነጋ አይታወስም፤ ያልታወሰ ቃል ደግሞ ሁለተኛ ቁስል ይሆናል።

3. ከላይ ያለውን ነገርና ከሥር ያለውን ይለዩ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ሦስት ቦታ ይክፈሉት። በመጀመሪያው የሆነውን ብቻ ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ ገንዘብ ካለበት መጠኑን። ‹‹ናቀችኝ›› እዚህ አይጻፍም፤ ‹‹በሰው ፊት ስጠራት አልመለሰችልኝም›› ይጻፋል። በሁለተኛው ምን እንደተሰማዎ ይጻፉ። በሦስተኛው የእርስዎን ድርሻ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ገና አልደረሱም፤ ወረቀቱን አስቀምጠው ከሳምንት በኋላ ይመለሱበት። ‹‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም›› የተባለው ለዚህ ነው፤ የራስዎ ውጊያ ከራስዎ ትዝታ ቶሎ ይጠፋል።

በየቤቱ የሚሰማው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፦ የወላጅ ቤት ውርስ፣ ከውጭ በተላከ ገንዘብ የተሠራና በሌላ ሰው ስም የወጣ ቤት፣ ሳይመለስ የቀረ ብድር፣ ለዕቁብ ወይም ለባንክ የገቡት ዋስትና፣ በሃይማኖት ወይም በብሔር ምክንያት የተነቀፈ ጋብቻ። እነዚህ ከላይ የሚታዩት ናቸው። ከሥር ያለው ሌላ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ። ታላቅ እህት የታመመች እናቷን ሦስት ዓመት አስታመመች። ታናሽ ወንድም ሌላ ከተማ ይሠራ ነበር፤ ገንዘብ ይልካል፣ በዓመት አንዴ ይመጣል። እናት አረፉ። በዐርባቸው ዕለት ስለ ቤቱ ነገር ተነሣና ወንድም በዘመድ ፊት ‹‹አንቺ ያስታመምሽው ለቤቱ ብለሽ ነው›› አላት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሰው ሁሉ ‹‹በቤት ተጣሉ›› ይላል። ቤቱ ለሁለት ቢካፈል ግን እህት አትታረቅም፤ የቆሰለችው ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠበችው፣ ያገላበጠችውና ያላንቀላፋችበት ሌሊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለተሰረዘ ነው። እሱም ከሥር ሌላ ነገር አለው፤ እናቱ ሲያርፉ አጠገባቸው አልነበረም፣ ያ ጸጸት ነው ክፉ ቃል ሆኖ የወጣው። እነዚህ ሁለቱ ካልተነገሩ ስለ ካሬ ሜትር የሚደረገው ክርክር ማብቂያ አይኖረውም።

4. ምን እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ይቅርታ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ሰው ብቻውን፣ ሌላው ሳያውቅ፣ ከሞተም በኋላ ይቅር ሊል ይችላል። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። መተማመን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በቃል አይሰጥም፣ በጊዜ ይመጣል። ሽማግሌ ፊት ‹‹ይቅር ብያለሁ›› ያለች እህት በማግስቱ ልጇን ለእሱ አምና ካልላከች ‹‹ከልቧ አልታረቀችም›› ትባላለች። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።

ስለዚህ አስቀድመው ይወስኑ። እንደ ድሮው መሆን ይፈልጋሉ? ወይስ በበዓል፣ በሰርግና በለቅሶ መገናኘት ይበቃዎታል? ወይስ ቂሙን ከልብዎ አውጥተው ርቀው መኖር? ሦስቱም ጨዋ መጨረሻ ናቸው። የሚያበላሸው ሁለተኛውን እየፈለጉ የመጀመሪያውን ቃል መግባት ነው።

5. የመጀመሪያውን ቃል ይላኩ

ከአምስት ስድስት መስመር አይለፍ። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ ስልክ ሲደወል ሰሚው ሳይዘጋጅ መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል። ጠዋት ወይም ከሰዓት ይላኩ፤ ሌሊት የመጣ መልእክት ያስደነግጣል፣ መርዶ ይመስላል። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፈጽሞ አይጻፉ፤ ለሁሉም የሚላከውን የበዓል ሥዕልም እንደ ዕርቅ ጥያቄ አይቁጠሩት። ገንዘብ ወይም ስጦታ አያስቀድሙ፣ ‹‹ሊገዛኝ ነው›› ያሰኛል።

በምሳሌያችን ያለው ወንድም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦

‹‹ያለፈው አልፏል። እኔም ተጎድቻለሁ። ለልጆቹ ስንል እንታረቅ።››

‹‹ያለፈው አልፏል›› ማለት የሚችለው የተጎዳው ብቻ ነው፤ በዳይ ሲለው ትእዛዝ ይሆናል። ‹‹እኔም ተጎድቻለሁ›› እውነት ነው፣ ቦታው ግን የመጀመሪያው መልእክት አይደለም። ‹‹ለልጆቹ ስንል›› የሚለው ደግሞ እሷን ለራሷ ብሎ እንዳልፈለጋት ይነግራታል። እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦

‹‹እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል። በእማዬ ዐርባ ዕለት በሰው ፊት ለቤቱ ብለሽ ነው ያስታመምሻት ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ሦስት ዓመት ብቻሽን ነው የተሸከምሻት፤ እኔ አልነበርኩም። ስለ ቤቱ ለመነጋገር አይደለም የጻፍኩልሽ። ፈቃድሽ ከሆነ መጥቼ ቡና ብንጠጣ ደስ ይለኛል። ባይመችሽም ይገባኛል።››

ከላኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ‹‹አየሽው?›› ብለው አይጨምሩ። መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ያጠረ ቃል ይላኩ። ከዚያም ዝም ከተባለ በሽማግሌ በኩል ይሂዱ። ሦስተኛ፣ አራተኛ መልእክት ልመና መስሎ ይጀምርና ወቀሳ ሆኖ ያበቃል።

ጊዜ መምረጥም ይረዳል። ጾም ሲያዝ፣ በስቅለት፣ በጳጉሜን ሰው ልቡ ይለሰልሳል፤ መሥዋዕትህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቃል ያኔ ይታወሳል። በእስልምናም ወንድምን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድ፣ ከሁለቱም የሚሻለው ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠው እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል፤ ረመዳንና ዒድ ለዚህ ምቹ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት የማይወደድበት በዓል ነው። በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ላይ ከመገናኘት በፊት ባሉት ቀናት የተጣላ ሰው ይፈላለጋል።

6. ሽማግሌ መምረጥ

ሦስት ይሁኑ፦ አንድ ከእርስዎ ወገን፣ አንድ ከእሷ ወገን፣ አንድ ሁለታችሁም የምታከብሩት። አምስትና ሰባት ሲሆኑ ሸንጎ ይመስላል፤ ተበዳይ አፏን ትይዛለች። ከተጣሉት ለአንዱ ዕዳ ያለበት፣ ከቤቱ ጉዳይ ጥቅም የሚያገኝ፣ ወይም የሰማውን ይዞ ቡና ቤት የሚቀመጥ ሰው አይመረጥም። ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ የማስታመምን ድካም ለወንድ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ሐዋሳ ውስጥ ጋብቻው ቋንቋ የተሻገረ ከሆነ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሽማግሌ የግድ ያስፈልጋል። ሰው ሲቆስል የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ በአስተርጓሚ የመጣ ይቅርታ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሲዳማ የአፊኒ ሥርዓት ሁሉም ሽማግሌ ቢማረው የምንወደው ነገር አለ። አፊኒ ‹‹ሰምታችኋል ወይ›› እንደማለት ነው። በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ጉባኤ የተቀመጡ አባቶች ነገሩን በሚገባ ተሰምቶ እስኪያልቅ ይመክሩበታል፣ ሃላሌ የሚሉት እውነት እስኪወጣ ይታገሣሉ፣ ወደ ዕርቁ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ‹‹ይብቃችሁ፣ ተሳሳሙ›› ብሎ ከሚጀምረው የእኛ ጥድፊያ በእጅጉ ይሻላል።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ከማገናኘታቸው በፊት ለየብቻ ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይስሟቸው። ያልተሰማ ሰው ዕርቅ ላይ ክስ ያቀርባል፤ አስቀድሞ የተሰማ ሰው ግን ንግግሩ ያጥራል።

7. የዕርቁ ቀን

ቦታው የሁለቱም ቤት ያልሆነ ይሁን፤ የሽማግሌው ሳሎን ይበቃል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ደስ ይላል፣ ግን የሚያውቅ ሰው በየደቂቃው ‹‹እንዴት ናችሁ›› እያለ ይቆማል። ስልክ ይዘጋ። ሁለቱን ፊት ለፊት አያፋጥጧቸው፤ ጎን ለጎን ሆኖ ሽማግሌው መሐል ይቀመጥ፣ ለተበዳይ ደግሞ ለበሩ የቀረበው ወንበር ይሰጣት። ማዕድ በኋላ ይቅረብ። ምግብ ከቀደመ፣ የሰው እንጀራ በልታ አፍዋን መክፈት ያሳፍራታል፤ ሳትናገር ትታረቃለች፣ ሳትታረቅ ትሄዳለች።

አስቀድማ ተበዳይ ትናገር፣ ማንም አያቋርጣት። ስትጨርስ ወንድም መከላከያ ሳያመጣ የሰማውን በራሱ ቃል ይድገም፦ ‹‹በሰው ፊት ያዋረድኩሽ ነው ያመመሽ፣ ከቤቱ ይልቅ።›› እሷ ‹‹አዎ›› እስክትል ይድገመው። ይህች ‹‹አዎ›› የዕለቱ ማዕከል ናት። ከዚያ ሽማግሌው ‹‹ሌላ የቀረ አለ?›› ብሎ ይጠይቅ፣ ሁለት ጊዜ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚወጣው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከዚያ እሱም ይናገር፣ እሷም ትድገም።

ይቅርታው ላይ ቃሉን ይጠንቀቁ። ‹‹አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ›› የሚለው ይቅርታ አይደለም፤ ‹‹ከሆነ›› የምትለዋ ቃል ጥፋቱን ወደ ጥርጣሬ ትለውጠዋለች። ‹‹ቅር ብሎሽ ከሆነ›› ደግሞ ጥፋቱን ወደ እሷ ስሜት ይወስደዋል። ‹‹አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር›› ሲባል አድራጊው ከዐረፍተ ነገሩ ይጠፋል። የሚሠራው ‹‹አጥፍቻለሁ›› ነው፤ ቀጥሎ ምን እንዳጠፋ፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረሰባት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያስተካክል። በምሳሌያችን ያዋረዳት በሰው ፊት ነውና ማስተካከያውም በሰው ፊት መሆን አለበት፤ ያኔ የነበሩ ዘመዶች በሚመጣው በዓል ሲሰበሰቡ ቃሉን ራሱ ያንሣው። ‹‹ግን›› የምትለዋን ቃል ለሌላ ቀን ይተዋት።

እግር ላይ መውደቅ፣ ድንጋይ ተሸክሞ መቅረብ፣ ‹‹አፉ በይኝ›› ብሎ መለመን ክብር ያላቸው ሥርዓቶች ናቸው፤ ቦታቸው ግን እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ከቀደሙ ተበዳይን ያስገድዳሉ፤ ታናሽ ወንድሟ እግሯ ሥር ተደፍቶ ‹‹አይሆንም›› ልትል አትችልም። እሷ ‹‹ጊዜ ስጡኝ›› ካለች ቀጠሮ ይሰጥ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት። ሁለት ሰዓት ካለፈና ድምፅ ከፍ ካለም እንዲሁ። ቀጠሮ የወጣለት ሽምግልና አልከሸፈም።

8. ገንዘቡና ቤቱ

በሌላ ቀን ይሁን፤ በሳምንት ልዩነት። ስሜቱና ሒሳቡ አንድ ቀን ላይ ከተገናኙ፣ ይቅርታው ዋጋ ሊደራደሩበት የመጣ ይመስላል። ብድር ከሆነ መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀንና በየወሩ ስንት እንደሆነ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክርም ይፈርም። ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ የቃል ስምምነት አይበቃም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ‹‹በሽማግሌ ፊት ተስማምተን ነበር›› እየተባለ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የሚፈነዳው ይህ ስለተዘለለ ነው።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። የውርስ ክስ የጊዜ ገደብ አለው፤ በዚያው ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈ ክሱ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ሽምግልናው እየተጓተተ ጊዜው እንዳያልፍብዎ ጠበቃ አንድ ጊዜ ያማክሩ። ክስ ተጀምሮ ከሆነም ዕርቅ አይከለከልም፤ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርቦ ማስመዝገብ ይቻላል።

9. ከዕርቁ በኋላ ያሉት ወራት

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ስልክ ይደውሉ፣ አምስት ደቂቃ ትበቃለች። የመጀመሪያው ጉብኝት አጭር ይሁን፤ አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን ጠጥተው፣ በረካ ላይ ተመርቀው ይነሡ። ረጅም የሆነ የመጀመሪያ ቀን ወሬው ሲያልቅበት ወደ ድሮው ነገር ይመለሳል። ለልጆች በግልጽ ይንገሯቸው፦ ‹‹ከአክስታችሁ ጋ ታርቀናል፣ ሂዱና ሰላም በሏት።›› ካልተነገራቸው አዋቂው የጣለውን ኩርፊያ እነሱ ይዘውት ያድጋሉ። ለሚጠይቅ ሰውም ‹‹ታርቀናል፣ ተመስገን›› ይበቃል፤ ማን ምን እንዳለ አይተረክ።

የድሮው ቃል አንድ ቀን ማምለጡ አይቀርም። ያኔ እንደ አዲስ ጠብ አይቁጠሩት፤ በዚያው ቀን ‹‹አሁን ያልኩት ያ ነገር ነው፣ መልሼዋለሁ›› ብሎ ማንሣት ይበቃል። ሲያድር ነው የሚከብደው። ሽማግሌዎቹም ከወር በኋላ፣ ደግሞ በመጀመሪያው ትልቅ በዓል ሰሞን ለየብቻ ደውለው ‹‹እንዴት ናችሁ?›› ይበሉ። ይህ ክትትል በብዛት ይረሳል፤ የተበላሸ ዕርቅ ግን ገና ትኩስ ሳለ የሚጠገነው በእሱ ነው።

10. እምቢ ከተባለ

አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ መብቱም ነው። ሽማግሌ መላክ ከሦስት ጊዜ አይለፍ። በልጆች አያስለምኑ፣ በዘመድ ስብሰባ ላይ በድንገት አያቁሙት። የዘጉትን የስልክ ቁጥር ይክፈቱ፣ ቢዘጋብዎም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይስጡ፤ መልስ ባያገኙም ቆመው አይጠብቁ፣ ይለፉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመን መለወጫ፣ ‹‹እንኳን አደረሰሽ›› ይበሉና በዚያ ያብቁ። ቤቷ ለቅሶ ከደረሰ ሳይጠሩ ይሂዱ፤ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ከቀባሪው ጋር ቆመው፣ ነገር ሳያነሡ ይመለሱ።